አራተኛዋ ካንዴላ

«ይህቺኛዋ መስቀል የላትም።»

አባይነህ ለሞተሩ እሳት የምትጭረዋን ካንዴላ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ አዞራት። አገላበጣት፣ በአውራ ጣቱ ዳበሳት፣ በጋቢው ጫፍ ጠረጋትና እንደገና አያት። ሦስቱ ካንዴላዎች በመኪናዋ ጭቃ መከላከያ ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ተደርድረዋል። በእያንዳንዳቸው ወገብ ላይ በምስማር የተጫረች ትንሽ መስቀል አለች። የአራተኛዋ ወገብ ግን ልሙጥ ነው።

«ጥሩሸዋ!»

«አቤት አባባ።»

«ነይ እስኪ። አራቱንም ጭረሻል አይደል?»

ጥሩሸዋ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዋሽታ አታውቅም ማለት አይቻልም፤ ስለ ተደፋ ወተት፣ ስለ ጠፋ ማበጠሪያ እንደማንኛውም ልጅ ዋሽታለች። አሁን ግን አባቷ ዓይኗን እያየ ነው፤ ጎረቤቱም ሁሉ መኪናዋ ተከፍታ በተገኘች ቁጥር እንደሚያደርገው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እውነቱን ብትናገር፣ ለምን እንዳልጫረች ልትጠየቅ ነው። ያንን ደግሞ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መናገር ሞት መሰላት።

«አዎ፣ አራቱንም» አለች።



«በቃ!» አባይነህ ካንዴላዋን ጨብጦ ጭኑን መታ። «ሰረቀኝ! ባለ እጁ ሰረቀኝ! አዲሷን ወስዶ አሮጌ ወልውሎ ሰካልኝ!»

«እኛስ ምን አልን!» አለ አንዱ ከአጥሩ ማዶ።

አባይነህ ዱላውን አንሥቶ ቁልቁል ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወደ ባለ እጁ ቤት ወረደ። ጎረቤቱም ተከተለው። ጥሩሸዋ እዚያው ቆማ ቀረች።

ልጆች፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ጣሊያን አገራችንን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ነው። አባይነህ ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ የአንድ መኳንንት ሾፌር ነበር። መኪናዋ በባሕር ተጭና ጅቡቲ ወርዳ፣ በባቡር አዲስ አበባ የገባች፣ ከኋላዋ ዕቃ የምትጭን ቀይ ቡናማ መኪና ናት። ጌታዋ ማይጨው ዘምተው ሲቀሩ ሚስታቸው «ለጣሊያን ከምትሆን ላንተ ትሁን» ብለው ለአባይነህ ሰጡት። እሱም ወደ አገሩ ወደ ሞላሌ ይዟት መጣ። የሞላሌ ሰው መልኳን አይቶ እንደ ፈረስ «ዳማ» አላት፤ በዚያው ቀረች።

ዳማ ሱፍ፣ ገብስና ቆዳ ጭና ደብረ ብርሃን ትወርዳለች። ወላድ ምጥ የጠናባት ጊዜም፣ በሽተኛ ሕመሙ የጠናበት ጊዜም የምታደርሰው እሷው ናት። ግን ለመንዳት የጣሊያን የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ የሚታደሰው ደግሞ መኪናዋ በጣሊያን መካኒክ ታይታ ስታልፍ ነው። ጢስ ያበዛች፣ ዳገት ላይ የቆመች መኪና «ለባለቤቷ አትሆንም» ትባልና ለጦሩ መለዋወጫ ትወረሳለች። ዳማ ደግሞ ከዐቢይ ጾም ወዲህ መሳል ጀምራለች። ዳገት ስታይ ታጉረመርማለች፤ ጥቁር ጢስ ትተፋለች፤ መሀል ላይ ቀጥ ትላለች። የሚያድሳት የታመነ ሰው ማግኘት ነበር የአባይነህ ጭንቀት።

መጀመሪያ ደብረ ብርሃን አንድ የጣሊያን ጋራዥ ሰጣት። በሦስተኛው ቀን ሲቀበል አዲሱ ባትሪ በአሮጌ፣ ደህናው ጎማ በመላጣ ተለውጧል። ቢጠይቅ «ያንተው ነው» አሉት። ጠመንጃ ከታጠቀ ጋር ምን ክርክር አለ?

ያን ጊዜ የድሮ የሾፌር ባልደረባው ገብረየሱስ ሳቀበት። «አንተ የመንዝ ሰው አይደለህም እንዴ? በግህን ሰው እንዲያረባልህ ጆሮዋ ላይ ምልክት ሳታደርግ ትሰጣለህ? መኪናስ ከበግ በምን ታንሳለች? ካንዴላዋንም ምኗንም በምስማር ጫርና ስጥ። ስትቀበል ጭረቱን እይ።»

እውነትም ጫረ። ቀጥሎ የሰጣት ለአንድ ጣርማ በር ላይ ጋራዥ ለከፈተ የአዲስ አበባ መካኒክ ነበር። ሰውየው ማተቡ እንደ ገመድ የወፈረ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ሦስት ጊዜ «ጊዮርጊስን!» የሚል ነው። አባይነህ መኪናዋን ሲቀበል ሁለቱ ካንዴላዎች ላይ መስቀሉን አጣው። መካኒኩ ማለ፣ ተገዘተ፣ እንባውም መጣ። ኋላ ግን ከተቀመጠበት አጎዛ ሥር ሁለቱም መስቀላቸውን እንደያዙ ወጡ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አባይነህ ሰው ማመን ተወ። ጭረት አመነ።

የቅጣውን ስም ያነሣበት ቀን ቤቱ ጭቅጭቅ ሆነ። ቅጣው ከወንዙ ማዶ የሚኖር ባለ እጅ ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ። የሞላሌ ገበሬ ሁሉ ማረሻውን የሚያስለው እሱ ጋ ነው። ማረሻውን ይቀበላል እንጂ እሱ ቤት እህል አይቀምስም። ማኅበር አያስገባውም፣ ልጅ አይድርለትም። «ዓይኑ ይበላል» ይባላል። እናቶች ሕፃን አዝለው በደጁ ሲያልፉ የልጁን ፊት ይሸፍናሉ።

«የኔ ጌታ፣ አበዱ እንዴ?» አለች የጥሩሸዋ እናት ጌታነሽ። «ለባለ እጅ? ዓይኑ ያረፈባት ላም እንኳ ወተቷ ይነጥፋል!»

«መኪና ወተት የላትም» አለ አባይነህ። «ጣሊያኖች ጣርማ በር በግዳጅ መንገድ ሲያስቆፍሩት የብረት ሥራውን አይተው መኪና ማደሻ አስገብተውት ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሠርቷል። ሐሙስ ዳማ ትታያለች። ሌላ ሰው ካለሽ ጥሪልኝ።»

ሌላ ሰው አልነበረም። ጌታነሽ ልጇን ወደ ጓዳ ጎተተቻት። «አብረሽ ከሄድሽ ዓይንሽ ከነሱ ዓይን እንዳይገጥም። በተለይ ከሴት ልጁ። በእኩያ ይብሳል።»

ቅጣው ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዳማን ግቢው ሲያደርሱለት ሞተሩ እንዲነሣ ጠየቀ። ከዚያ ቀጭን ዱላ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ አንዱን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ዱላውን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እያዛወረ ብዙ አዳመጠ፤ ልክ አንድ ሰው በሹክሹክታ ችግሩን እንደሚነግረው።

«አራቱ እኩል አይሠሩም፣ ጌታው» አለ ሲጨርስ። «ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ቆሽሻለች። እሳቱም ጊዜውን ስቷል። ሁለት ቀን ይስጡኝ።»

«ምን ምኗን ትቀይራለህ?»

«ምንም። እጠርጋለሁ፣ አስተካክላለሁ። የምቀይረውስ ከየት መጥቶ?»

«ቀዳዳውን በሽቦ ወግተህ እንዳታሰፋብኝ።»

«በሽቦ አይነካም። በፈረስ ጭራ ነው የምጠርገው።»

አባይነህ ራሱን ነቀነቀና «እስኪ ይህን የጢስ ማውጫ እየው» ብሎ ቅጣውን ወደ መኪናዋ ኋላ ወሰደው። እግረ መንገዱን ጥሩሸዋን ጠቀሳት። ምልክቱ ይህ ነበር፤ ቤት ሳሉ ጎረቤት አይቶ ለቅጣው እንዳይነግር መጫሩን እዚህ ድረስ አቆይተውታል። እጇ ቀጭን ስለሆነ በጠባቡ የምትገባ እሷ ናት፤ ምስማሩም በመዳፏ ውስጥ ግሏል።

የመጀመሪያዋን ጫረች። ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋንም። አራተኛዋ ጥግ ላይ ናት፤ በእግሯ ጣቶች ቆማ ደረቷን ጭቃ መከላከያው ላይ አስተኝታ ተንጠራራች።

«ምን ጠፍቶሽ ነው? ላግዝሽ?»

ጥሩሸዋ ዘወር ስትል ማናለብሽ፣ የቅጣው ልጅ፣ አጠገቧ ቆማለች። እጇ እስከ ክንዷ ከሰል ለብሷል። ፈገግ ብላለች፤ ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ትንሽ ተሸርፏል። ዓይኖቿ ትልልቅና ጥቁር ናቸው፤ ቀጥ ብለው ጥሩሸዋን ያያሉ።

ዓይን ለዓይን ገጠሙ።

ጥሩሸዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ሮጠች። ወንዙን ተሻግራ፣ አቀበቱን ወጥታ፣ መተንፈስ እስኪያቅታት ሮጠች። ከኋላዋ «ምስማርሽ ወደቀ!» የሚል ድምፅ ሰማች። አልቆመችም።

ማታ አባቷ «ተሳካልሽ?» ብሎ በጆሮዋ ሲጠይቃት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከአንዲት እኩያዋ ፈርታ እንደ ፍየል መሮጧን ለመናገር አፈረች። ደግሞም ቅጣው ካልሰረቀ ማን ይጠይቃል አለች በልቧ። አልሰረቀማ። ጉዱ የመጣው ባለመስረቁ ነው።

አሁን እንግዲህ ወደ ወንዙ እንውረድ።

ጥሩሸዋ ስትደርስ ሰዉ የቅጣውን ግቢ ሞልቶታል። ቅጣው በመሀል ቆሟል፤ መዶሻው እንደተንጠለጠለ በእጁ አለ። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ወሰኔ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ።

«አራት ሰጡኝ፣ አራት መለስሁ» አለ ቅጣው። «ጌታው፣ መኪናዋ ትሠራ የለም እንዴ? ሰምተዋታል።»

ይህ እውነት ነበር። ዳማ ድምፅዋ ተለውጧል፤ ወደ ጎተራ እንደሚንቆረቆር ገብስ ያለማቋረጥ ይወርዳል።

«ትሠራለች። ታዲያ የኔዋ ካንዴላ የት አለች?» አባይነህ ልሙጧን ካንዴላ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ልጄ በእጇ መስቀል ጭራባታለች! መስቀል ይተናል?»

«መስቀል ተጭሮበት እንኳ!» አለች አንዲት ሴት። «መስቀል ያልፈራ ምን ይፈራል!»

ያን ጊዜ ማናለብሽ እሳቱን ከሚያራግበው ወናፍ አጠገብ ብድግ አለች።

«እኔ አይቻታለሁ» አለች። «ሦስቱን ነው የጫረችው። አራተኛዋን ሳትነካ ሮጠች። ምስማሯም ይኸው።» መዳፏን ዘረጋች።

ሰዉ ሁሉ ወደ ጥሩሸዋ ዞረ። ምስማሩ ትንሽ ነው፤ ጫፉ የተጣመመ። ከቤታቸው በር ላይ ራሷ የነቀለችው ነው።

«የኔ አይደለም» አለች ጥሩሸዋ።

«አይደለም?» አለች ማናለብሽ። ቁጣ አልነበረባትም፤ የገረማት ነው የምትመስለው።

«የባለ እጅ ምስክር ልጁ!» ብሎ አንዱ ሲስቅ ሌላውም ተከተለው። «ምስማርማ እነሱ ቤት ምን ይጠፋል!»

«ዝም በይ፣ ማናለብሽ» አለ ቅጣው ቀስ ብሎ። «ተቀመጪ።»

አለቃ ወሰኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይታያል። እስከዚያ ዋስ ጥራ፣ ቅጣው።»

ቅጣው ሰዉን አንድ በአንድ አየ። ማረሻውን ያልሳለለት፣ ማጭዱን ያልሞረደለት አንድም ወንድ እዚያ አልነበረም። አንዱ ሰማይ አየ። አንዱ ጫማው ውስጥ ጠጠር አገኘ። አንዱ ከሚስቱ ጋር ድንገት ወሬ ያዘ።

«ዋስ የለኝም» አለ ቅጣው።

«እንግዲያስ ዕቃህ መያዣ ይሁን።»

መዶሻዎቹን፣ ጉጠቱንና ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ ወንዶቹ ተሸክመው ወደ አባይነህ ቤት ወሰዱ። ወናፉን ግን ከፍርሃት የተነሣ የነካው አልነበረም፤ ማናለብሽ ራሷ አምጥታ ደጃፉ ላይ አኖረችው። መድረኩን አልረገጠችም። ጥሩሸዋ በሩን ይዛ ቆማለች። ትሰድበኛለች፣ ትረግመኛለች ብላ ጠበቀች። መሰደቡ በተሻላት ነበር።

«እርጥበት እንዳይነካው» አለች ማናለብሽ። «ቆዳው ይሰነጠቃል።»

ይህን ብላ ሄደች።

በማግስቱ ሁለት ገበሬዎች የዶለዶመ ማረሻ ይዘው ከወንዙ ሳይሳልላቸው ተመለሱ። ክረምቱ ቀርቧል። ጥሩሸዋ ወናፉን ከደጃፉ አንሥታ እሳት ከማይደርስበት፣ ጤዛም ከማይነካው ጥግ አስቀመጠችው። እናቷ አይታ «ምን ሆነሽ ነው ይህን የምትነካኪው?» አለቻት። ጥሩሸዋ ወናፉን በአሮጌ ጨርቅ ሸፈነችው።

ሐሙስ ጠዋት አባይነህ ይዟት ወደ ደብረ ብርሃን ተነሣ። ወትሮም ከእሱ ጋር የምትሄደው ለሥራ ነው። መኪናዋ ዳገት ላይ ስትቆም ዘላ ወርዳ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ከጎማው ሥር የእንጨት ታኮ ታደርጋለች። ያን ቀን ታኮው ከእግሯ ሥር አልተነሣም። ዳማ አቀበቱን ሁሉ እያንጎራጎረች ወጣችው። አባይነህ ደስ ብሎት መጀመሪያ ዘፈነ። ኋላ ግን ዘፈኑ ቀስ በቀስ ጠፋ። ጣርማ በርን ሲያልፉ ቅጣው ተገዶ የቆፈረውን መንገድ አሻግሮ አየ።

ደብረ ብርሃን ላይ ሽማግሌ ጣሊያን መካኒክ መጣ። ክዳኑን ከፍቶ ጆሮውን አስጠጋ። አንድ ጊዜ ቤንዚን አሰጣት፤ አዳመጠ። ወደ አስተርጓሚው ዞሮ እጁን እያወናጨፈ ተናገረ።

«ማን ነው ያስተካከላት ይላል» አለ አስተርጓሚው። «እኔ ጋ ካሉት ወታደሮች አንዱም እንዲህ አይሠራልኝም ይላል።»

ጥሩሸዋ አባቷን አየችው። የአባቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። የቅጣው ስም እዚያ ድረስ መጥቶ ሲመለስ ያየችው መሰላት።

«እኔው ነኝ» አለ አባይነህ።

ወረቀቱ ላይ ማኅተም ተመታ። ዳማ የእነሱ ሆና ቀረች።

ሲመለሱ የገብስ ማሳው በግራም በቀኝም ነፋሱ እንደወሰደው ይተኛል፣ ይነሣል። ከመዘዞ ወዲህ ሲደርሱ ጥሩሸዋ እጇን በጉልበቶቿ መሀል ጨበጠች።

«አባባ።»

«ወዬ።»

«አራተኛዋን አልጫርኋትም።»

መኪናዋ ጥቂት ሄደች። ከዚያ አባይነህ ወደ ዳር አውጥቶ አቆማት፤ ሞተሩንም አጠፋው። እጁ መሪው ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

«ሦስቱን ነው የጫርኩት። ማናለብሽ መጣችብኝና ፈርቼ ሮጥሁ። ምስማሩም የኔ ነው።»

«ምኗን ነው የፈራሽ?»

«ዓይኗን።»

የምትጠብቀው ጥፊ ነበር። አባቷ ግን በመስኮቱ አሻግሮ ማሳውን አየ።

«ለማን ነገርሽ?» አለ።

«ለማንም።»

«ለማንም እንዳትናገሪ። እሑድ ምሬዋለሁ እላለሁ። ዕቃውን ይወስዳል። ያልቃል።»

«ምን አጠፋና ነው የሚምሩት?»

«ጥሩሸዋ!» ጩኸቱ መኪናዋን ሞላት። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ማለቱ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራት። «አገር ሁሉ ፊት ሌባ ብዬዋለሁ። አሁን ተመልሼ ልጄ ዋሽታኝ ነው ልበል? ድሮውንም በጣሊያን ወረቀት የሚነዳ እያሉ ያሙኛል። አንቺንስ? ውሸታም ተብለሽ ማን ደጅ ትገቢያለሽ? ... እኔ ለራሴ ብቻ አይደለም።»

«እሱስ?»

አባይነህ ሞተሩን አስነሣ። ዳማ በመጀመሪያው ተነሣች።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ካለው ትልቅ ጥድ ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀመጡ። ቅጣውና ማናለብሽ ከቅጥሩ በር አላለፉም፤ አለቃ ወሰኔ «ግቡ፣ ግቡ» ሲሏቸው ነው ቀረብ ያሉት። የእሱ መዶሻዎች፣ መስፉና ወናፉ መሀል ላይ ተቀምጠዋል።

አባይነህ ተነሣ። ጋቢውን አደግድጎ ነበር።

«እኔ ክርክር አልፈልግም» አለ። «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ምሬዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥህ!» «ልብህ ሰፊ ነው!» አለ ሰዉ። አንድ ሽማግሌ ትከሻውን መታ አደረጉት። አባይነህ ቶሎ ተቀመጠና የጋቢውን ቋጭ ማፍተልተል ያዘ። ቀና አላለም።

«መልካም ነው» አሉ አለቃ ወሰኔ። «እንግዲህ ቅጣው፣ የምሕረቱን ወግ ታውቃለህ። ድንጋይ ተሸክመህ ማረኝ ትለዋለህ፣ እሱም ያወርድልሃል። ዕቃህን ይዘህ በሰላም ትሄዳለህ።» በመቋሚያቸው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አመለከቱ።

ቅጣው ድንጋዩን አየው።

«አለቃ» አለ፣ «ይህን ከተሸከምኩ ሰረቅሁ ማለቴ አይደለም?»

«ወግ ነው፣ ልጄ። ወግ ነው። አታክርረው።»

«ካልተሸከምኩስ?»

አለቃ ወሰኔ ዓይናቸውን ዕቃዎቹ ላይ አሳረፉ።

ቅጣው ልጁን አያት። ማናለብሽ ፊቷን ወደ ቅጥሩ አዙራለች፤ የምታለቅስ እንደሆነ አይታወቅም። «ክረምት ደርሷል» አለ ቅጣው ለማንም ሳይሆን፣ ለራሱ። «መብላት አለባት።» ወደ ድንጋዩም ጎንበስ አለ።

ጥሩሸዋ ጀርባውን አየች። ዱላውን ጆሮው ላይ አድርጎ መኪናዋን ያዳመጠ ጊዜም እንዲሁ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ያኔ ግን ጀርባው እንዲህ አልጠበበም። ከአንገቱ ድንጋዩን አባቷ ያወርድለታል። ከስሙ ላይ ግን የሚያወርድለት የለም። ነገ ማረሻ ይዞ የሚመጣው ሁሉ ዕቃውን እየቆጠረ ይሰጠዋል፣ እየቆጠረም ይቀበለዋል። ማናለብሽም የሌባ ልጅ ሆና ታድጋለች። ይህን የምታውቅ እሷ ናት። አባቷም ያውቃል። ሌላ ማንም አያውቅም።

ብድግ አለች።

«ወዴት ነው?» እናቷ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። ጥሩሸዋ አልቆመችም፤ ነጠላው እናቷ እጅ ላይ ቀረ። ባዶ ራሷን በሴቶቹ መሀል አልፋ፣ ሴት ተሻግራ ወደማታውቀው የወንዶቹ ወገን ገባች። ሰዉ መጀመሪያ ለመላላክ የተጠራች መስሎት መንገድ ለቀቀላት።

«ጋሽ ቅጣው» አለች። እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው በሞላሌ አልነበረምና ቅጣው መጠራቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። እጁ ድንጋዩ ላይ እንደሆነ ቀና አለ። «ይተዉት እባክዎ። የእርስዎ አይደለም።»

ቅጣው እጁን አንሥቶ ወደ ልጁ ሲያፈገፍግ፣ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ አቀፈችው። ካሰበችው በላይ ይከብዳል። አንድ ጊዜ ከጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ እንደገና ተነፈሰችና ማጅራቷ ላይ አወጣችው። ቀዝቃዛ ነው። ከሥሩ የያዘው አፈር በቀሚሷ አንገት ገብቶ ወደ ጀርባዋ ፈሰሰ።

«ይህቺ ልጅ ምን ነካት?» አሉ አለቃ ወሰኔ። ከሴቶቹ ወገን ጌታነሽ «ወይኔ ልጄ! በልተዋታል!» ስትል ተሰማ።

«ጥሩሸዋ» አለ አባቷ። ተነሥቶ ቆሟል፤ ድምፁ ቅርብ ነው። ተይ አላላትም። ነይም አላላትም። ስሟን ብቻ ነበር የጠራው።

ድንጋይ ተሸክሞ መዞር ይከብዳል። ቀና ብላ የማንንም ፊት ማየት አልቻለችም፤ የምታየው እግር ብቻ ነው። አቧራ የለበሱትን የሽማግሌዎቹን እግሮች አለፈቻቸው። የእሳት ፍንጣሪ ያቃጠላቸው ሁለት ትልልቅ እግሮችና ከአጠገባቸው ሁለት ትንንሽ እግሮች ያሉበት ስትደርስ ቆመች።

«ማሩኝ» አለች።

ትንንሾቹ እግሮች ወደ እሷ ዞሩ።

ከዚያ ጥሩሸዋ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ አንድም ሳታስቀር፣ መናገር ጀመረች።